ጋሽ መርዕድና ሐምራዊው በርሜላቸው

የጋሽ መርዕድን ሞት የሰማሁት ኦሞራቴ ሆኜ፣ የአንድ ዓሣ ነጋዴ ማቀዝቀዣ ጀርባውን ከፍቼ ሞተሩን እየፈታሁ ሳለ ነው። የደወሉልኝ እትዬ ስንዱ ናቸው፤ ጂንካ ውስጥ ከጋሽ መርዕድ ጋር አጥር የሚጋሩ ጎረቤት።

«ያ የጀርም ሰውዬ አረፈ» አሉኝ።

እትዬ ስንዱ ሰውዬውን በአጥር ላይ ሲሰድቧቸው እንጂ በደግ ሲያነሷቸው ሰምቼ ስለማላውቅ፣ መጀመሪያ አዲስ ስድብ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። አፍንጫቸውን ጠርገው ቀጠሉ። «ለለቀስተኛው ውሃ መያዣ በርሜል ከግቢው ብንፈልግ፣ ያለው ሁሉ ሐምራዊ ነው። ማን ደፍሮ ይጠጣበታል? ሞቶም አስቸገረን!»

የማቀዝቀዣውን ብሎኖች እንደነበሩ መልሼ አሰርኩና በመጀመሪያው መኪና ወደ ጂንካ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ስለ ሞታቸው አልነበረም። ሰውዬው ስንት ጊዜ እንዳሳቁኝና ስንት ጊዜ እንዳበሳጩኝ ነበር የማስበው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም በአንድ ቀን ነበር።

ጋሽ መርዕድ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ነበሩ። አባታቸው ከሰሜን በወታደርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሳቸው ጂንካ ተወልደው ጂንካ ያረጁ ሰው። ጡረታ ሲወጡ ትምህርት ቤቱ ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ሸለማቸው። ጋቢውን ለብሰውት አላየሁም፤ ሰዓቱም ባትሪ አጥቶ ቆሟል። ነጩን የቤተ ሙከራ ጋዋን ግን አላወለቁም። ገበያ በጋዋን፣ ዕድር በጋዋን፣ ቤተ ክርስቲያን በጋዋን ላይ ነጠላ። በደረት ኪሳቸው እስክሪብቶዎችና አንድ ቴርሞሜትር ይታያሉ፤ ከሁሉም የሚሠራው ቴርሞሜትሩ ብቻ ነው። አንድ ቀን ባንክ ሲገቡ የበሩ ጥበቃ ሐኪም መስለውት ስለ ወገቡ ሕመም አማከራቸው። ቆመው በጥሞና ሰሙትና «በሳይንስ ቋንቋ ወገብ የሚባል ነገር የለም» ብለውት ገቡ።

«በሳይንስ ቋንቋ» ከአፋቸው የማይጠፋ አባባል ነበር። ዝናብ ሲዘገይም፣ ሽንኩርት ሲወደድም፣ ዕድርተኛው ሲጣላም ለሁሉም በሳይንስ ቋንቋ ሌላ ስም ነበራቸው። ከተማው ደግሞ በራሱ ቋንቋ «ጋሽ ጀርም» ይላቸው ነበር።

እኔ የማውቃቸው በሥራ ነው። የጥገና ቤቴ ከግቢያቸው ጋር ይጎራበታል። ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት ሙያ አይደለም፤ የተጣሉ ሞተሮችን እየፈታሁ፣ የሰው መመሪያ መጽሐፍ እየለመንኩ ነው የለመድኩት። አንድ ጠዋት የዓሣ ገንዳ አየር መንፊያ የምትሆን ትንሽ ፓምፕ ይዘው መጡ። ውስጧ ያለው ስስ ላስቲክ ተቀዷል። ከሞተር ብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ በልኩ ቆርጬ ተካሁላቸው። ጆሯቸው ላይ አስጠግተው አዳመጧት።

«ማን አስተማረህ?»

«ማንም።»

«ያስታውቃል» አሉና ይዘዋት ሄዱ። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ጠጋኝ ዘንድ አልሄዱም። ይህን እንደ ምስጋና ቆጠርኩት፤ የተሻለ ምስጋና ከእሳቸው አፍ ያገኘ ሰው አላውቅም።

ፓምፗ አየር የምትነፋው ለዓሣ አልነበረም። ጋሽ መርዕድ ከድሮው የአውሮፕላን ማረፊያ የሣር ሜዳ ባሻገር ካለው ረግረግ ውሃ በብልቃጥ ቀድተው፣ የበሰለ ሩዝ ጣል አድርገውበት፣ መስኮት ላይ አስቀምጠው ነበር። ከቀናት በኋላ ሩዙ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ሻገተ ብሎ ይደፋዋል። እሳቸው ግን ሠርግ እንደተጠራ ሰው ተዘጋጁ፤ ጋዋናቸውን አጠቡ።

«ይህ ተህዋስ ወርቅ ያሟሟል» አሉኝ። አላመንኳቸውም። ኋላ ግን በትዕግሥት አስረዱኝ፤ ለማስረዳት ሲሆን ትዕግሥት ነበራቸው። ትልልቅ ማዕድን ፋብሪካዎች ወርቅን ከድንጋይ የሚለዩት ሳያናይድ በሚባል ብርቱ መርዝ ነው። ይህ ሐምራዊ ባክቴሪያ ያንኑ መርዝ በጥቂቱ ራሱ ይሠራል። የተፈጨ ድንጋይ ውስጥ ሲፈስ ወርቁን ወደ ውሃው ያወጣዋል፤ ከዚያ ከሰል ሲጨመርበት ወርቁ ከሰሉ ላይ ይጣበቃል፤ ከሰሉ ተቃጥሎ ወርቁ ይቀራል። እሳቸውን ያስደነቃቸው ግን የመጨረሻው ነው። ባክቴሪያው ሥራውን ሲጨርስ መርዙን መልሶ ራሱ ያፈርሰዋል።

«ፋብሪካ መርዙን ወንዝ ውስጥ ደፍቶ ይሄዳል። እነሱ ግን ያበሰሉበትን ድስት አጥበው ነው የሚሄዱት» ይሉ ነበር።

አንድ ችግር አለው። መርዙ በርትቶ የሚቆየው ለአንድ ቀን ያህል ብቻ ነው። ካለፈ አለፈ። ይህን ለማወቅ በርሜሉ ላይ አንድ ቢጫ የመፈተሻ ወረቀት ያንጠለጥላሉ፤ መርዙ ሲበረታ ወረቀቱ እንደ ሸክላ ይቀላል። ያን ጊዜ ወዲያው ድንጋዩ ላይ ማፍሰስ ነው። ይህን ሕግ ለእኔም፣ ለጎረቤቱም፣ ለአላፊ አግዳሚውም ሰብከውታል። «ባክቴሪያ ቀጠሮ አያራዝምም» ይሉ ነበር፤ የቢሮ ሰው ባለበት ሲሆን ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ሰውን ሁሉ አንተ ነበር የሚሉት፤ የዕድሩን ዳኛ እንኳ። ባክቴሪያውን ግን እርስዎ። ጠዋት የበርሜሉን ክዳን ገርበብ አድርገው፣ አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ «እንዴት አደሩ? ትንሽ በርዶዎታል መሰለኝ» ይላሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ! ምን ቆመሃል? አየር ጨምር!»

ከእትዬ ስንዱ ጋር ያጣላቸው የባክቴሪያው ምግብ ነበር። ምግቡ የላም ሰኮናና የቆዳ ቁራጭ ተቀቅሎ የሚወጣው ዝልግልግ ሾርባ ነው። ሽታው አጥር አያግደውም።

«መርዕድ! ሁዳዴ እኮ ነው! ይሄ ምን የሚሉት ሽታ ነው?» አሉ እትዬ ስንዱ አንድ ጠዋት አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው።

«ሰኮና ነው።»

«እያወቅክ!»

«እኔ አይደለሁ የምበላው። እነሱ ናቸው።»

«እነሱ አይጾሙም?»

«በሳይንስ ቋንቋ ገና አልተጠመቁም።»

«ያልተጠመቀ ፍጥረት ታዲያ ከኔ አጥር ሥር ምን ይሠራል?»

ሰው ወደ በርሜሉ እንዳይጠጋ ብለው በሩ ላይ የራስ ቅልና የተጠላለፉ አጥንቶች ሣሉ። ሥዕሉ ደህና ነበር። ከሾርባው ሽታ ጋር ሲደመር ግን ሌላ ትርጉም ሰጠ። አንድ የጭነት መኪና ረዳት ገብቶ ወንበር ፈለገና «ጋሼ፣ ቅልጥም ለሁለት ሰው፤ ሚጥሚጣ ይኑረው» አላቸው። ስለ ሳያናይድ እያስረዱ እስከ መኪናው ድረስ ሸኙት። ረዳቱ መኪናው ላይ ተንጠልጥሎ «አልቋል ካልክ አልቋል በለኝ እንጂ!» እያለ ሄደ።

ነገሩ ቀልድ መሆኑ ያበቃው ጋርሾና ማርታ በመጡ ዕለት ነው።

ጋርሾ የአሪ ሰው ነው፤ ከጂንካ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ወንዝ ዳር የወርቅ አጣቢዎች ማኅበር ሰብሳቢ። ማርታ ሚስቱ ናት። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ወጥተው መጡ፤ የእርሷ ሆድ ገና መታየት ጀምሯል። ውሃ ሰጠኋቸው። ጋርሾ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞም ጫፉ ከጥርሱ ጋር ይንኳኳ ነበር። አማርኛውን ገበያ ላይ ስለተማረ ለማንም አንተ ነው የሚለው።

«ጋሼ፣ ጀርም ወርቅ ያወጣል ሲሉ ሰማሁ። ውሸት ነው?»

«በሳይንስ ቋንቋ ሲታይ...»

«በገበያ ቋንቋ ንገረኝ። መኪናው ይሄድብኛል።»

ወንዙ ላይ ደቃቁን ወርቅ የሚይዙት በሜርኩሪ ነው፤ አሮጌ ሰዎች ባዜቃ የሚሉት ያ ፈሳሽ ብር። ወርቁን ሰብስቦ ይጣበቅበታል፤ ከዚያ ከሰል ላይ ሲቀመጥ ሜርኩሪው በንኖ ወርቁ ይቀራል። የበነነው የት እንደሚሄድ የሚጠይቅ የለም። ጋርሾ የሚያቃጥለው ቤት ውስጥ፣ በር ዘግቶ ነው፤ የእጁም መንቀጥቀጥ ከዚያው ጭስ ነው።

«ለምን ውጭ አታቃጥልም?» አሉት ጋሽ መርዕድ።

«ሰው ያያላ! ወርቅ ያለው ቤት ሲታወቅ ጥሩ አይደለም።»

ያን ጊዜ ማርታ ተናገረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «በዚያ ጭስ ውስጥ ሁለት ጊዜ አረገዝኩ። ሁለቱም አልቆዩልኝም። አሁን ያ ከሰል ቤቴ ውስጥ ከነደደ ወደ አባቴ ቤት ነው የምሄደው፤ አልመለስም። ነግሬዋለሁ።»

ጋሽ መርዕድ ሁለቱ እርግዝናዎች የጠፉት በጭሱ ይሁን በሌላ አላሉም፤ ሊሉም ይችሉ ነበር። ብቻ የራሳቸውን በርጩማ አንሥተው በጋዋናቸው ጫፍ ጠረጉትና «እርስዎ ይቀመጡ» አሏት። ከባክቴሪያው ውጪ እርስዎ ሲሉ የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ስምምነቱ ይህ ሆነ። ጋርሾ የዚያን በጋ የተፈጨ ድንጋይ ሳይነካው በጆንያ ያመጣል። በርሜሉ ከሠራ ሜርኩሪ ከቤቱ ይወጣል። ካልሠራ የሚሆነውን ሁላችንም ሰምተናል።

በመጀመሪያ በባልዲ ሞከርነው። ወረቀቱ እንደቀላ አፈሰስነው፤ ከሰሉን ጨመርን፤ ከሰሉን አቃጠልን። አመዱ ውስጥ አንዲት ቢጫ ነጥብ ተገኘች። ጋርሾ ጣቱ ጫፍ ላይ አድርጎ ተመለከታት።

«ጋሼ፣ ይቺ ቅጫም ናት።»

«ቅጫም ነገ ቅማል ትሆናለች።»

«ቅማል ወርቅ ቢሆን እኮ እኛ ድሮ ሀብታም ነበርን!» ብሎ ሳቀ። ግን ጆንያዎቹን ሁሉ አመጣ።

እዚህ ላይ ጋሽ መርዕድን የጎዳቸው ባክቴሪያ አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት ወሬውን ሰማ። ስሙን አልጠራም፤ ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ነበር፣ ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደግሞ ሁልጊዜ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ባለሙያ መጥቶ በርሜሉን ዞረውና «ይሄ እኮ መመረቅ አለበት» አለ። ክቡር እንግዳ ተገኝተው ሪቫን ይቆርጣሉ፤ ካሜራም ይመጣል። የጋሽ መርዕድ ፊት ሲበራ አየሁ። ዕድሜ ልካቸውን አስተምረው ጋቢና የማይሠራ ሰዓት የተቀበሉ ሰው ናቸው። ያን ሳምንት ጋዋኑን በቡፌ ቤት ካውያ አስተኮሱት፤ ንግግራቸውን በርሜሉ ፊት ቆመው ተለማመዱ። ባክቴሪያውም ሰማ፤ እትዬ ስንዱም ሰሙ።

ምረቃው ማክሰኞ ተባለ። ሰኞ ማታ ስብሰባ ስላለ ወደ ሐሙስ ተዛወረ ተባለ። እሮብ ጠዋት ወረቀቱ ቀላ። በርሜሉ እንደዚያ ጠቁሮ፣ እንደዚያ ደምቆ አይቼው አላውቅም። ጋርሾ ማርታን ይዞ መጥቶ ነበር።

«ጋሽ መርዕድ፣ ደረሰ» አልኳቸው።

«አያለሁ።»

«እናፍስሰው?»

«ክቡር እንግዳው ነገ ናቸው።»

«ነገ ያልፋል። እርስዎ ራስዎ...»

«አንተ ፕሮቶኮል አታውቅም!»

ጋርሾ ጣልቃ ገባ። «ጋሼ፣ ማሽላ ደርሶ ወፍ ስትመጣ፣ ቆይ እንግዳ አለብን ትላታለህ?»

ጋሽ መርዕድ በርሜሉን በእርጥብ ጆንያ ጠቀለሉት፤ ቀዝቀዝ ሲል ይዘገያል ብለው። አየሩን አስቀነሱኝ። ከዚያ ወደ ክዳኑ ጎንበስ ብለው፣ ሰው እንደሚሰማ ረስተው፣ «እባክዎ ትንሽ ይታገሡ፤ ክቡር እንግዳው መንገድ ላይ ናቸው» አሉ። በሕይወቴ ከሰማኋቸው ልመናዎች ሁሉ የዚህን ያህል ያሳፈረኝ የለም። ማርታ ሆዷን ይዛ ታያቸው ነበር።

ሐሙስም እንግዳው አልመጡም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መጡ። ቢጫው ወረቀት ዳግም ቢጫ ነበር። ክቡር እንግዳው ማስጌጫ መስሏቸው «ቀለሙ ደስ ይላል» አሉ። ሪቫኑ ተዘረጋ፣ መቀስ ግን ያመጣ የለም፤ በእኔ የሽቦ መቁረጫ ተቆረጠ። እንግዳው ረጅም ንግግር አደረጉ። ተህዋስያኑ ተደራጅተው መሥራታቸው ለወጣቶች አርአያ መሆኑን ገልጸው፣ መሥሪያ ቤታቸው አስፈላጊውን ድጋፍ እንደሚያደርግላቸው ቃል ገቡ። ባለሙያው ሪፖርቱን ለማሟላት ጠጋ አለ።

«ብዛታቸው ስንት ነው?»

«አይቆጠሩም።»

«በግምት። በፆታ ተለይቶ።»

«በሳይንስ ቋንቋ ፆታ የላቸውም» አሉ ጋሽ መርዕድ፤ ድምፃቸው ከወትሮው አንሶ ነበር።

ባለሙያው «ይህ ክፍተት ነው፤ ይስተካከል» ብሎ መዘገበ።

ፈሰሰ። ተጨበጨበ። ካሜራው ሄደ። ከሰሉን ሰንብተን ስናቃጥለው የቀረው ግራጫ አመድ ነበር፤ ቅጫምም ቅማልም የለበትም። ጋርሾ አመዱን በሁለት ጣቶቹ አሸው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«ወርቁ አልጠፋም፤ ድንጋዩ ውስጥ ነው ያለው» አሉ ጋሽ መርዕድ። እውነታቸውን ነበር። «እንደገና...»

«አውቃለሁ። ድንጋዬን ስጠኝ።» ጆንያዎቹን እያነሣ ጨመረ፤ «ሜርኩሪ ክቡር እንግዳ አይጠብቅም።»

በማግሥቱ ጋሽ መርዕድን ያለ ጋዋን አየኋቸው። ያለ ጋዋን በጣም ትንሽ ሰው ናቸው። ላጽናናቸው ብዬ የተበላሸው ባክቴሪያው እንዳልሆነ ጀመርኩ። «አውቃለሁ። የተበላሸው ማን እንደሆነ አውቃለሁና ዝም በል» አሉኝ። ቀጥለው ጋዋናቸውን ለበሱና ፓምፑን፣ የመኪና ባትሪውን፣ ባዶ በርሜል፣ በጄሪካን ጥቂት ዘር ባክቴሪያና የሰኮናውን ድስት አይሱዙ ላይ እንድጭን አዘዙኝ።

«ወዴት?»

«እንግዳ ወደማይመጣበት።»

በቀይ አፈር ከተማ በኩል ስናልፍ የገበያ ቀን ነበር። የጭነቱ ላይ ተሳፋሪዎች አፍንጫቸውን ይዘው ሰኮናውን ይረግማሉ፤ አንዲት ሴት ድስቱን ከፍታ አይታ «በዚህ ዕድሜ ጥሎሽ ይዘህ ነው?» አለቻቸው። መኪናው ሙሉ ሳቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትምህርት ይሰጧት ነበር። አሁን ድስቱን መልሰው ከደኑት።

ስንደርስ ጋርሾ የከሰል ማንደጃውን እያጸዳ ነበር። ሜርኩሪው በትንሽ ጠርሙስ ኪሱ ውስጥ አለ። ማርታ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች፤ የምትጠብቀው ከሰሉ እስኪቀጣጠል ነው። ጋሽ መርዕድ ሰላምታ ሳይሰጡ በርሜሉን አንከባለው የግቢው መግቢያ ላይ አቆሙት።

«ጋሼ፣ መንገድ ዘጋህ» አለ ጋርሾ።

«ዘጋሁ።»

«አልጋበዝኩህም።»

«ክቡር እንግዳ አይደለሁም፤ ግብዣ አያስፈልገኝም።»

ጋርሾ ሊስቅ ፈለገና ተወው። ወደ ማርታ አየ። ማርታ ቋጠሮውን ከጭኗ ላይ አውርዳ መሬት አስቀመጠች። አልፈታችውም። «እስኪደርስ ድረስ እቀመጣለሁ» አለች። «ከዚያ ወይ ይፈታል ወይ ይነሣል።»

ከዚያ በኋላ የነበረው ጥበቃ ነው። ጋሽ መርዕድ ሰኮና ይቀቅላሉ፤ እኔ ፓምፑን እጠብቃለሁ፤ ማርታ ሸፈሮ፣ ያን የቡና ገለባ መጠጥ፣ በቅል ታቀርብልናለች፤ ጋርሾ ጠርሙሱን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ይዞራል። ጎረቤቶቹ እየመጡ «ጀርሙ ወለደ?» ይላሉ። ቋጠሮው እንደታሰረ ደጃፉ ላይ አለ። ጋሽ መርዕድ ባክቴሪያውን ሲያናግሩ አልሰማሁም፤ ወረቀቱን ብቻ ያያሉ።

ወረቀቱ በቀላበት ጠዋት ስልካቸው ጮኸ። መስመር የሚገኘው ጉብታው ላይ ብቻ ስለሆነ ስልኩ እዚያ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የደወለው ያ ባለሙያ ነው። ክቡር እንግዳው በዚያ በኩል ለጉብኝት ሊያልፉ ነው፤ የማኅበረሰቡን ተጠቃሚነት በካሜራ ማሳየት ይፈልጋሉ፤ በርሜሉ እስከ ነገ እንዳይከፈት።

«አይቻልም፤ ደርሰዋል» አሉ ጋሽ መርዕድ።

«ማን ደረሰ? እንግዳው ገና ጂንካ ናቸው!»

«እነሱ ደርሰዋል» ብለው ዘጉት። ቁልቁል ሲወርዱ ነጠላ ጫማቸው አንዱ ወለቀ፤ አልተመለሱለትም። ማርታን ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን፣ ራቅ ካለው ዛፍ ሥር አስቀመጧት፤ መርዙ ወደ አየር እንዳይበን የሚያግደውን የአመድ ውሃ ቀላቀሉ፤ እኔና ጋርሾ አፋችንን አስረን አፈሰስነው። ያጨበጨበ የለም።

ከሰሉ ተቃጥሎ ሲቀልጥ የወጣችው ወርቅ የምስር ፍሬ ታክል ነበር። ጋርሾ ደጋግሞ መዘናት። ሐቀኛ ሰው ነው፤ ያየውን ተናገረ። «ጥሩ ነው። ግን ከሜርኩሪ ያንሳል። ደግሞ ቀርፋፋ ነው። ሜርኩሪ አንድ ከሰዓት ነው፤ ይሄ ሳምንት ፈጀ።»

ጋሽ መርዕድ አልተከራከሩም። በሳይንስ ቋንቋም አላሉም። ያነሰው ያንሳል፣ የዘገየው ዘግይቷል። ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

ማርታ ከተቀመጠችበት ተነሣች። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «እኔስ ዘጠኝ ወር አይደለም የሚፈጅብኝ? ቀርፋፋ ብለህ ትተወኛለህ?»

ጋርሾ ጠርሙሱን ከኪሱ አውጥቶ፣ የት እንደሚያስቀምጠው የጠፋበት ሰው ይመስል ዙሪያውን አየ። ጋሽ መርዕድ እጃቸውን ዘረጉና ተቀበሉት፤ በጋዋን ኪሳቸው፣ ከማይጽፉት እስክሪብቶዎች ጎን ከተቱት። ማርታ ቋጠሮዋን ፈታች።

ተረት አልጨምርም። ወንዙ ዳር ያሉት ብዙዎቹ ዛሬም በሜርኩሪ ነው የሚሠሩት። በርሜል የተከሉት የጋርሾ ቤትና ጥቂት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ እነሱም የማርታ ሕፃን በደህና ተወልዳ መሬት ስትረግጥ አይተው ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ግን ፕሮጀክቱ ሙሉ በሙሉ ለማኅበረሰቡ መተላለፉን ይናገራል። ጋሽ መርዕድ ሪፖርቱን ሲሰሙ «ማን አስተላለፈው? አይሱዙው ነው?» ብለው ነበር። እስከ ሞታቸው ድረስ ጂንካ ውስጥ ዘር እያራቡ ለጋርሾ ሲልኩ ኖሩ፤ ሰው እየተሳደቡ፣ ሰኮና እየቀቀሉ።

ቀብራቸው ላይ ያ ባለሙያ የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ። አሁን ማዕረጉ ከፍ ብሏል። ምረቃውን በሰፊው አወሳ፤ ሪቫኑንም ጭምር። ወንዙን አላነሣም። ከወንዙም የመጣ ሰው አልነበረም፤ እትዬ ስንዱ ይህን አስተውለው ድንኳኑ ውስጥ ሲብሰከሰኩ ዋሉ። «ለእነሱ ሲል ተቃጥሎ! አንድ ሰው እንኳ አፈር ሊያለብሰው አይመጣም?»

ጋርሾና ማርታ የመጡት በማግሥቱ ነው። ልጅቷ በእግሯ ትሄዳለች። የሁለቱም እጅ እስከ ክንዳቸው ድረስ ሐምራዊ ነበር፤ ማርታ ልትታጠበው ሞክራ እንዳልለቀቀ ያስታውቃል። ባለሙያው ቦታ ሊለቅላቸው ተነሣ። እትዬ ስንዱ ግን መንገድ ላይ ቆመው ያዟቸው።

«ትናንት ተቀበረ። ስልክ አልደረሳችሁም?»

«ደርሶናል፣ እትዬ» አለ ጋርሾ።

«ታዲያ? ቀብር ይቀራል? እናንተ ሰው አይደላችሁም?»

ጋርሾ አንገቱን ደፋ። የሚንቀጠቀጠውን እጁን በሌላኛው ያዘው። «በርሜሉ ደርሶ ነበር፣ እትዬ። ትናንት ጠዋት ወረቀቱ ቀላ። ካላፈሰስነው ዛሬ ሾርባ ነው።»

ለቀስተኛው ሁሉ የእትዬ ስንዱን አፍ ይጠብቅ ነበር፤ ስድብ ሲመጣ ያውቃሉና። ባለሙያው ስልኩን ማየት ጀመረ። እትዬ ስንዱ ሐምራዊውን እጅ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ለቅሶ ነው ስንል ትከሻቸው በሳቅ ይነቃነቅ ጀመር።

«በርሜሉን አሳልፈህ ቀብሩ ላይ ብትደርስማ» አሉት፣ «ከሣጥኑ ተነሥቶ ይሰድብህ ነበር። ተቀመጥ።»